አጥሩ ላይ ያረፈው ማን ነው?

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ወሎ፣ ኩታበር አክስቴ ዘንድ ነበርኩ። ዝናቡ ጋብ ሲል ከገብስ ማሳው ዳር ያለው አጥር ላይ አንድ ወፍ አረፈ። ትንሽ ነው፤ ከድንቢጥ ብዙም አይበልጥም። መልኩ ግን ግራ ያጋባል። ደረቱ ላይ ጥቁርና ቡናማ ተለጣጥፎበታል፤ የተጣፈ ጋቢ የደረበ ይመስላል። ዞር ሲል ወገቡ ላይ ቢጫ ነገር ብልጭ አለ። እንዲህ ያለ ወፍ አይቼ አላውቅም።

ልቤ ዘለለ። መንገድ የሳተ፣ ከሌላ አገር የመጣ ወፍ መሰለኝ። ስልኬን ከኪሴ አውጥቼ ካሜራውን እስክከፍት ተነስቶ ሄደ።

አክስቴ ብቅ ብላ «ምን አየህ ሆዴ?» አለችኝ። ነገርኳት። ብዙም አልገረማት።

«እሱማ የኛው ነው። ለመስቀል ልብሱን እየቀየረ ነው እኮ» አለችኝና ወደ ምጣዷ ተመለሰች።

ትክክል ነበረች። ጳጉሜን ላይ ተመልሼ ስሄድ ያው ወፍ ያው አጥር ላይ ነው። አሁን ግን ጥቁር ሆኗል። ትከሻውና ወገቡ እንደ አደይ አበባ ቢጫ ነው። ላባውን ነፍቶ፣ ክንፉን እያንቀጠቀጠ ከአጥር ወደ ገብስ፣ ከገብስ ወደ አጥር ይመላለሳል። ዝዝዝ የሚል ድምፅ ያሰማል። የመስቀል ወፍ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ወፍ።

ያን ቀን የገባኝን ነገር ነው ዛሬ የምጽፈው። የማታውቁት ወፍ ስታዩ ከሩቅ አገር ከመፈለጋችሁ በፊት ከጎረቤት ፈልጉት። እንግዳ የሚመስለን ወፍ ብዙ ጊዜ የምናውቀው ወፍ ነው። ልብስ ቀይሮ፣ ወይም ገና ጫጩት ሆኖ፣ ወይም ብርሃን አታሎን ነው። እውነተኛ እንግዳም አለ፤ ወደ እሱ እመጣለሁ። ነገር ግን እንግዳውን ለመለየት መጀመሪያ ቤተኛውን ማወቅ ግድ ነው።

የመስቀል ወፍ የትም አልሄደም

በዓመት አንዴ ብቅ የሚልን ሰው «የመስቀል ወፍ» እንለዋለን። አባባሉ ያምራል። ወፉ ግን በበጋውም እዚያው ነው። የማናየው ቡናማ ስለሚለብስ ነው። ኅዳር ካለፈ በኋላ ወንዱ ያንን ጥቁርና ቢጫ ላባ በአብዛኛው ያረግፋል። ከሴቶቹና ከዓመቱ ጫጩቶች ጋር ተቀላቅሎ ከማሳ ማሳ እህል ይለቅማል። ያኔ የሚያየው ሰው «ድንቢጥ» ብሎ ያልፈዋል።

ክረምቱ ሲገባ ሣሩ ያድጋል፤ ዘሩና ነፍሳቱ ይበዛሉ። ጫጩት ለማሳደግ የሚመች ጊዜ ይህ ነው። የወንዱ ሰውነት ይህን ያውቃል። አሮጌው ላባ አንድ በአንድ እየወደቀ አዲሱ ይተካል። ይህ በአንድ ሌሊት አይሆንም፤ ሳምንታት ይወስዳል። እኔ ሐምሌ ላይ ያየሁት ግማሹን አውልቆ ግማሹን የለበሰ ወፍ ነበር። ሴቷ ግን ዓመቱን ሙሉ ቡናማ ናት። እንቁላል ታቅፋ ሣር ውስጥ የምትቀመጥ ወፍ መድመቅ አይበጃትም።

አንድ ነገር ልጨምር። «የመስቀል ወፍ» የሚባለው በየቦታው አንድ ዓይነት አይደለም። ደጋ ላይ ይህ ቢጫና ጥቁሩ ነው። ዝቅ ሲሉ ቀይና ጥቁር የሆነ ዘመዱ አለ። ምንቃሩ ቀይ፣ ሰውነቱ ጥቁርና ነጭ፣ ጅራቱ ከሰውነቱ የሚረዝም ትንሽ ወፍም አለ። ይህኛው ጎጆ አይሠራም፤ ሴቷ እንቁላሏን በሌሎች ትንንሽ ወፎች ጎጆ ትጥላለች። የሦስቱም ወንዶች በክረምት ይደምቃሉ፤ በበጋ ቡናማ ይሆናሉ። እንግዲህ አንድ ሰው ሰኔ ላይ ዝቅ ባለችው ባቲ፣ ሌላው ነሐሴ ላይ ደጋው ኩታበር ሆነው «አዲስ ወፍ አየሁ» ቢሉ መልሱ ከዚሁ ቤተሰብ ሊወጣ ይችላል።

ስሙ ይቆይ፤ ወፉን እዩ

ወፍ ጊዜ አይሰጥም። አምስት ሰከንድ ከሰጠ ብዙ ሰጠ። በዚያች አምስት ሰከንድ ምን እንደምታዩ አስቀድማችሁ ካልወሰናችሁ ወፉ ይሄዳል፤ በእጃችሁ የሚቀረው «ትንሽ፣ ቢጫ ነገር» ብቻ ይሆናል።

እኔ ስልኬን ማንሳቴ ጎድቶኛል። መጀመሪያ በዓይን መያዝ ነበረብኝ። ስም ለማውጣት መቸኮልም እንደዚያው ይጎዳል። አንዴ «ንስር ነው» ካላችሁ ዓይናችሁ ንስር መፈለግ ይጀምራል፤ ያልነበረውን ሁሉ ያሳያችኋል።

መጀመሪያ መጠኑን ያዙ። ሜትርና ሴንቲ ሜትር አይጠቅምም። ከምታውቁት ወፍ ጋር አስተያዩት። ድንቢጥ ያክላል? ዋኖስ ያክላል? ወይስ ቁራ? እነዚህን ሦስቱን በደንብ የሚያውቅ ሰው መለኪያ በኪሱ ይዞ እንደሚዞር ነው። ሰማይ ላይ ብቻውን ያለ ወፍ ግን መጠኑ ያታልላል። አጠገቡ ሌላ ወፍ እስኪመጣ መጠበቅ ይሻላል።

ቀጥሎ ምንቃሩ። ለኔ ከሁሉም የበለጠ የሚናገረው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ምንቃር የሥራ መሣሪያ ነው። ሰውየው ማረሻ ከያዘ ገበሬ፣ መዶሻ ከያዘ አናጢ እንደምንለው ማለት ነው። አጭርና ወፍራም ከሆነ ፍሬ ይፈለፍላል፤ የመስቀል ወፍና ድንቢጥ እንዲህ ናቸው። ቀጭንና ጎበጥ ያለ ሆኖ ወፉ አበባ ላይ ከተንጠለጠለ የአበባ ማር ይጠጣል። እሬት ሲያብብ ዙሪያው የሚርመሰመሱትን ትንንሽ አብረቅራቂ ወፎች ተመልከቱ። ረጅምና ቀጭን ሆኖ መሬት የሚወጋ ከሆነ ከአፈር ውስጥ ትል ይፈልጋል። እንደ መንጠቆ የታጠፈ ከሆነ ሥጋ በል ነው። ምንቃሩን በትክክል ያየ ሰው ከመቶ ወፍ ዘጠናውን ከዝርዝሩ አውጥቷል።

ከዚያ ቅርጽና ጠባይ። ጅራቱ መንታ ነው? ሰማይ ላይ ሲዞር ጅራቱ እንደ መቀስ ከተከፈተ ጭልፊት ነው። አምባ ሰንጥቆ የሚያልፍ ግዙፍ ወፍ ሆኖ ጅራቱ ወደ መጨረሻው ሾጠጥ ካለ፣ አጥንት ከሰማይ አለት ላይ እየጣለ ሰብሮ የሚበላው ትልቁ አሞራ ነው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ2 ሜትር በላይ ነው። ላሊበላ ላይ አቡነ ዮሴፍን የወጣ ሰው ያውቀዋል። ቁራዎችም እንዲሁ ይለያያሉ። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ ምንቃሩ ወፍራምና ጎባጣ የሆነው አንድ ነው። ጅራቱ በጣም አጭር ሆኖ ሲበር ጅራት የሌለው የሚመስለው ሌላ ነው። ሁለቱም ገደል ይወዳሉ፤ ሁለቱም ጥቁር ናቸው። በቀለም የሚለያቸው ሰው ይሳሳታል፤ በጅራትና በማጅራት የሚለያቸው ሰው አይሳሳትም።

ቀለምን እስከ አሁን ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። ቀለም ቀድሞ ይማርካል፤ ቀድሞም ያታልላል። ከላይ የጠቀስኳቸው አበባ ላይ የሚንጠለጠሉ ወፎች ፀሐይ ሲመታቸው አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ ወርቅ ይሆናሉ። ጥላ ውስጥ ሲገቡ ግን ጥቁር ናቸው። ምክንያቱም ያ ብልጭታ ከቀለም የመጣ አይደለም። የላባው ረቂቅ አሠራር ብርሃኑን እየከፈለ ስለሚመልሰው ነው፤ የሳሙና አረፋ ላይ የምናየው ዓይነት ማለት ነው። ማዕዘኑ ሲቀየር ቀለሙም ይቀየራል። በሁለት ደቂቃ ልዩነት ሁለት ወፍ አየሁ የሚል ሰው አንዱን ወፍ ሁለቴ አይቶት ሊሆን ይችላል።

በተቃራኒው ደግሞ በደጋው ደን የምትኖር፣ በመጻሕፍት ቱራኮ የምትባል ወፍ አለች። ቅርንጫፍ ላይ ስትሮጥ አረንጓዴ ናት፤ ቅጠሉ ይሰውራታል። ስትበር ክንፏ ይዘረጋል፤ ያኔ ደም የመሰለ ቀይ ይታያል። ይህ ቀይ ብልጭታ አይደለም፤ እውነተኛ ማቅለሚያ ነው። ውስጡ መዳብ አለበት። ተቀምጣ ያያት ሰውና ስትበር ያያት ሰው ተገናኝተው ቢያወሩ ስለ ሁለት ወፍ የሚያወሩ ይመስላቸዋል።

«ሽመላ» ስንል የትኛውን?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ወሎ ውስጥ ብዙ ክርክር የሰማሁት በዚህ ነውና።

ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ሲወርዱ የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው የጨፋ ረግረግ አለ። ከመስከረም በኋላ እዚያ ረጃጅም እግር ያላቸው ትልልቅ ወፎች ይታያሉ። ሰዉ ሁሉንም «ሽመላ» ይላቸዋል። ስሙ ስህተት የለበትም፤ ለእረኛም ለመንገደኛም በቂ ነው። ግን በዚህ አንድ ስም ውስጥ ቢያንስ ሦስት ቤተሰብ አለ፤ የሚመጡበትም አገር፣ የሚበሉትም ይለያያል።

የመጀመሪያው መለያ በረራ ላይ ያለው አንገት ነው። ወፉ ተነስቶ ሲበር አንገቱን እንደ ማጭድ አጥፎ ጭንቅላቱን ትከሻው ውስጥ ከከተተ፣ ያ ውኃ ዳር ቆሞ አሳና እንቁራሪት የሚያድነው ቤተሰብ ነው። አንገቱን ወደፊት ቀጥ አድርጎ ከዘረጋ ከቀሩት ሁለቱ አንዱ ነው።

ሁለቱን የሚለያቸው ድምፅ ነው። አንደኛው፣ ሰውነቱ ነጭ፣ የክንፉ ጠርዝ ጥቁር፣ ምንቃርና እግሩ ቀይ የሆነው፣ ዝም ይላል። በአውሮፓ የቤት ጣሪያ ላይ ጎጆውን የሚሠራው እሱ ነው። ክረምታቸው ሲመጣ በመንጋ ተነስቶ በስምጥ ሸለቆው መስመር ወደኛ ይወርዳል። ሰፊ ክንፉን ዘርግቶ ከመሬት በሚነሳ ሙቅ አየር ላይ እየተሽከረከረ ይወጣል፤ ክንፉን እምብዛም አያርገበግብም። መግባባት ሲፈልግ ምንቃሩን እንደ ሁለት እንጨት ያንኳኳል፤ ያም በአብዛኛው ጎጆው ላይ ሳለ ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ድምፁን መስማት ብርቅ ነው። አንበጣ ስለሚበላ ለገበሬው ወዳጅ ነው።

ሌላኛው ግራጫ ነው፤ ከሩቅ ይጮኻል። ጩኸቱ እንደ መለከት ነው፤ ወፉን ከማየታችሁ በፊት ትሰሙታላችሁ። የአየር ቧንቧው በጣም ረጅም ከመሆኑ የተነሳ ደረት አጥንቱ ውስጥ ገብቶ ተጠምዟል፤ ድምፁ እንዲያ የሚያስተጋባው ለዚህ ነው። እሱም ከሰሜን ብርድ ሸሽቶ የሚመጣ ነው። በረግረግ ዳርና እህል በተነሳበት ማሳ ላይ ይውላል።

እንግዲህ ሰማይ ላይ ረጅም አንገት ያለው መንጋ ስታዩ ጆሮአችሁን ስጡ። ዝምታም መረጃ ነው።

ጆሮ

ጫካ ውስጥ ከሚታየው ወፍ የሚሰማው ይበልጣል። ነገር ግን ብዙዎቻችን ድምፁን «ጭው ጭው አለ» ብለን እንተወዋለን። ትንሽ መንገድ አለው፤ ልናገር።

ወፍ የሚያወጣው ድምፅ በጥቅሉ ሁለት ነው፤ ዜማና ጥሪ። ዜማው ረዘም ያለ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ወንዱ «ይህ ቦታ የኔ ነው፤ እዚህ ነኝ» ለማለት ያሰማዋል። ጥሪው አጭር ነው፤ «አለህ ወይ?» «አለሁ» ወይም «ጭልፊት መጣ!» ማለት ነው። ዜማ በብዛት የምንሰማው በመራቢያ ወራት ነው፤ ጥሪ ግን ዓመቱን ሙሉ አለ። ወፍ የሚዘምርበት አካል እንደኛ ጉሮሮ ላይ አይደለም። የአየር ቧንቧው ወደ ሁለት ሳንባዎች በሚከፈልበት መንታ መንገድ ላይ ነው። ሁለቱ ጎን ለየብቻ መሥራት ስለሚችል አንዳንድ ወፍ በአንድ ጊዜ ሁለት ድምፅ ያወጣል። ሁለት ወፍ የሰማችሁ መስሏችሁ አንድ ሊሆን ይችላል።

ስትሰሙ ምቱን ቁጠሩ። ይህ ከምንም በላይ ይረዳል። ዋኖሶችን ውሰዱ። በመልክ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፤ ሩቅ ሽቦ ላይ ሲያርፉ መለየት ከባድ ነው። ስታዳምጡ ግን አንደኛው «ኩ-ኩር-ኩ፣ ኩ-ኩር-ኩ» እያለ ሦስት ምት ሳይሰለች ይደጋግማል። ሌላኛው ለስለስ ባለ ድምፅ ውኃ እንደሚንፎለፎል ሳቅ ይስቃል። አንዴ ልዩነቱን ከያዛችሁት ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ትለያላችሁ።

ደስ የሚለኝ ነገር ፊደላችን ለዚህ የተመቸ መሆኑ ነው። ሰባቱን ቤቶች ይዛችሁ የወፍ ድምፅ ከሰማችሁት ጋር አቀራርባችሁ መጻፍ ትችላላችሁ። ጉትዬ ያላት፣ ክንፏ ጥቁርና ነጭ የተዥጎረጎረ፣ መሬት እየወጋች የምትሄደው ወፍ «ኡፕ ኡፕ ኡፕ» ትላለች፤ ይህን የጻፈ ሰው ግማሽ መልሱን ጽፏል። ከፍ ሲል መስመር ወደ ላይ፣ ዝቅ ሲል ወደ ታች አድርጉ። የሙዚቃ እውቀት አይጠይቅም።

ደሴ ውስጥ አመሻሽ ላይ አትክልት ካለበት ግቢ የተለያየ ወፍ ድምፅ ተራ በተራ ከሰማችሁ ትንሽ ጠርጥሩ። አናቱ ጥቁር፣ ቅንድቡ ነጭ፣ ሆዱ ብርቱካናማ የሆነ ወፍ አለ። የሌሎችን ወፎች ድምፅ እየቀዳ በራሱ ዜማ ውስጥ ያስገባል። ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቆ፣ ብርሃን ሊጠፋ ሲል ነው የሚዘምረው። ስንት ሰው «ዛሬ አምስት ዓይነት ወፍ ሰማሁ» ብሎ ይሆን! መፍትሔው ትዕግሥት ነው። ድምፁ ሁሉ ከአንድ ቁጥቋጦ ከወጣና አንዱ እንዳለቀ ሌላው ከቀጠለ ዘፋኙ አንድ ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ወፍ በሳይንሱ ዓለም የሚጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1830ዎቹ አገራችንን በዞረው ጀርመናዊ በኤድዋርድ ሩፐል ስም ነው። ያቺን ቀይ ክንፍ ቱራኮና ነጭ ማጅራቱን ቁራም ለሳይንስ የመዘገባቸው እሱ ነው። ከገደል ገደል በመንጋ እየተንጫጫ ሌሊቱ ሲነጋ ሰፈር የሚቀሰቅሰውን ጋጋኖንም እንዲሁ። ጋጋኖ የሚኖረው ኢትዮጵያና ኤርትራ ውስጥ ብቻ ነው። የደጋው ገበሬ ግን ሩፐል ከመምጣቱ በፊት ድምፁን ሰምቶ በሬውን ሲጠምድ ኖሯል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ጫካ ውስጥ የሰማችሁት ሁሉ የወፍ ላይሆን ይችላል። ሽኮኮ ይጮኻል፤ እንቁራሪትም ብዙ ዓይነት ድምፅ አላት። በተቃራኒው ያቺ ቱራኮ ድምፅዋ ሻካራ ስለሆነ ወፍ አትመስልም፤ አውሬ አጉረመረመ ብሎ የሚሸሽ አለ።

ቦታና ጊዜ

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናው ግን ከ1,800 ሜትር ትንሽ ከፍ ካለ ቦታ ተነስቶ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያወጣችኋል። በዚህ አጭር መንገድ ወፎቹ ይቀየራሉ። ቆቦ ሜዳ ላይ ማሽላውን የሚወረው የግሪሳ መንጋ ደሴ ላይ አይጠበቅም። ጋጋኖም ባቲ ገበያ ላይ አይጠበቅም። ስለዚህ «የት አየኸው?» የሚለው ጥያቄ «ምን ይመስላል?» ከሚለው አያንስም።

ጊዜም እንዲሁ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት ተመዝግቧል፤ ከነዚህ ብዙዎቹ ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ብቻ የሚቆዩ እንግዶች ናቸው። ጥቅምት ላይ በከብቶች እግር መካከል ጭራዋን እያወዛወዘች የምትሮጠው ቢጫ ሆድ ወፍ ከሩቅ ሰሜን የመጣች ናት። ንብ የሚበሉት፣ ጉሮሯቸው ቢጫ፣ ሆዳቸው ሰማያዊ የሆኑትም እንዲሁ በመንጋ ያልፋሉ። እነዚህን መጀመሪያ በጆሮ ነው የምታገኟቸው። ከፍ ብለው ሲያልፉ «ፕሩት፣ ፕሩት» የሚል ለስላሳ ድምፅ ከሰማይ ይወርዳል፤ ቀና ስትሉ ነጠብጣብ ይታያል። እነዚህ መንገድ የሳቱ አይደሉም፤ በየዓመቱ የሚመላለሱበት መንገዳቸው ነው። ነፋስ ወይም ማዕበል ያሳታቸው አልፎ አልፎ አሉ፤ ግን ወደዚያ መልስ የምንሄደው ሌላው ሁሉ አልሆን ሲል ነው።

ደጋው ጥድ ላይ አጭር ጅራት ያላት አረንጓዴ በቀቀን ያየ ሰውም «ከቤት ያመለጠች ናት» ሲል ሰምቻለሁ። አላመለጠችም። ምንቃሯ ቀይ የሆነ፣ የወንዱ ግንባር ደግሞ ቀይ የሆነ ትንሽ በቀቀን አለች፤ የምትገኘው ኢትዮጵያና ኤርትራ ውስጥ ብቻ ነው። ቤቷ ነው።

ማስታወሻ፣ ስልክ፣ ሰው

ወፉ ከሄደ በኋላ ወዲያው ጻፉ። ማታ ቤት ስገባ እጽፈዋለሁ ያለ ሰው ማታ የሚጽፈው የራሱን ምኞት ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ መጠን፣ ምንቃር፣ ምን ይሠራ እንደነበር፣ ድምፁ። ያላያችሁትን «አላየሁም» ብላችሁ ጻፉ፤ ይህ ያየ መስሎ ከመጻፍ ይሻላል። መሳል የማይችል ሰውም ይሳል። እንቁላል የመሰለ ሰውነት፣ ክብ ጭንቅላት፣ ከዚያ ቀለሙ ያለበትን ቦታ በቀስት ማመልከት በቂ ነው።

ከዚያ ስልኩ ይመጣል። ፎቶው ደብዛዛ ቢሆንም አስቀሩት፤ ቅርጽ ይነግራል። ድምፅ ስትቀዱ ስልኩን ወደ ወፉ አዙራችሁ ያዙ፤ አትናገሩ፤ አትንቀሳቀሱ። አንድ ደቂቃ ይበቃል። መጨረሻ ላይ ቀኑንና ቦታውን በድምፃችሁ ጨምሩበት። ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ጥሩ ነው።

አሜሪካ ያለው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሠራው መርሊን የሚባል ነፃ አፕ አለ። ፎቶም ድምፅም ሰጥታችሁት ስም ይገምታል። እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን መልሱን እንደ ሐሳብ እንጂ እንደ ፍርድ አልወስደውም። ስሙን ካመጣ በኋላ እኔ ራሴ እጠይቃለሁ፤ ይህ ወፍ በዚህ ከፍታ ይኖራል? በዚህ ወር ይገኛል? ምንቃሩ ያየሁት ነው? አንዱ እንኳ «አይ» ከሆነ ስሙን አላጸድቅም። በነገራችን ላይ፣ ወፉን ለመሳብ ቅጂውን ደጋግሞ ማጫወት ጥሩ አይደለም። ወንዱ ባላንጣ የመጣበት መስሎት ጎጆውን ትቶ ሲዋከብ ይውላል።

እግሩ ላይ ቀለበት ያለበት ወፍ ካያችሁ ትልቅ ነገር ነው። በቀለበቱ ላይ ያለውን ፊደልና ቁጥር ጻፉ ወይም ፎቶ አንሱ፤ አታውልቁት። ያ ቁጥር ወፉ የት አገር፣ መቼ እንደተመዘገበ ይናገራል። ከ1966 በአውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ የሚሠራው የኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እንዲህ ያለ መረጃ የሚሰማ ቤት ነው።

ከስልኩም ከማኅበሩም በፊት ግን የሰፈሩን ሰው ጠይቁ። እረኛ፣ እንጨት ለቃሚ፣ ወፍ ጠባቂ ልጅ፣ ሐይቅ ላይ አሳ የሚያጠምድ ሰው። ስትጠይቁ ስም ብቻ አትጠይቁ። «ጋሼ፣ ይሄ መቼ ነው የሚመጣው? ምን ይበላል? ድምፁ እንዴት ነው?» በሉ። ስሙ ከቀበሌ ቀበሌ ይለያያል፤ የሚነግሯችሁ ጠባይ ግን አይለያይም። ልጆችን አትናቁ። ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው። አያት የማይሰሙትን የልጅ ልጅ ይሰማል።

ጥር ላይ እንደገና ኩታበር ሄድኩ። ገብሱ ታጭዷል። አክስቴ ጋር ቡና ከጠጣሁ በኋላ ወደ ማሳው ወጣሁ። ስልኬን ኪሴ ውስጥ ተውኩት። ቡናማ ወፎች መሬት ላይ ተበትነው ይለቅማሉ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ቀስ ብዬ ተጠጋሁ። ድንገት ሁሉም ተነሱ። ሲነሱ ከመካከላቸው ጥቂቶቹ ወገብ ላይ ያቺ ቢጫ ብልጭ አለች። ወንዱ በበጋም ቢሆን ወገቡ ላይ ያለውን ቢጫ አያወልቀውም፤ ሲቀመጥ ክንፉ ይሸፍነዋል፤ ሲበር ይገለጣል።

ማስታወሻዬን አወጣሁና ጻፍኩ፦ ጥር፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል፣ ገብስ የታጨደበት ማሳ፣ ወደ 40 የሚሆኑ ቡናማ ወፎች፣ አራቱ ወገባቸው ቢጫ።